ማሽኑ ጠቆመ፣ ምስክር አጸና

ኮምፒውተር የሰውን ፊት ስለመለየቱ ወሬ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ የቆዳ ቀለም ላይ ያርፋል። ምክንያትም አለው። ጆይ ቡኦላምዊኒና አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ጾታን ከፊት ፎቶ የሚለዩ ሶፍትዌሮች ጥቁር ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ተሳስተዋል፤ ነጭ ወንዶች ላይ ግን ስህተታቸው ከ0.8 በመቶ አልበለጠም። ከዚያ ወዲህ ሶፍትዌሮቹ ብዙ ተሻሽለዋል። ንጹሕ ሰው መታሰሩ ግን አልቆመም። ለእኔ ትልቁ ጥፋት የሚፈጸመው ማሽኑ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነው።

ስልካችን ፊታችንን የሚያስተያየው ከራሳችን ፊት ጋር ብቻ ነው። ፖሊስ ግን አንዱን ፊት ሚሊዮኖች በሰፈሩበት መዝገብ ውስጥ ይፈልጋል። የሚያገኘውም በጣም የሚመሳሰሉ ሰዎችን ዝርዝር ነው። ወንጀለኛው መዝገቡ ውስጥ ጭራሽ ባይኖርም ዝርዝሩ ሊወጣ ይችላል፤ መዝገቡ በሰፋ ቁጥርም መልከ ተመሳሳይ አይጠፋም።

በዚያው በ2018 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዋ ዲትሮይት ከተማ ከአንድ ሱቅ ሰዓቶች ተሰረቁ። ሶፍትዌሩ ከደበዘዘ የካሜራ ምስል ተነስቶ የአንድ ጥቁር አባወራ የቆየ የመንጃ ፈቃድ ፎቶ አወጣ። መርማሪዎቹ ፎቶውን ከሌሎች ጋር ደርድረው ለአንዲት የጥበቃ ድርጅት ሠራተኛ አሳዩ። ስርቆቱ ሲፈጸም ሴትዮዋ በቦታው አልነበረችም፤ ያየችው ቪዲዮውን ብቻ ነው። የአባወራውን ፎቶ መረጠች። ጥር 2020 ላይ ሰውዬው ሚስቱና ልጆቹ ፊት በካቴና ታስሮ ተወሰደ፣ 30 ሰዓት ያህልም ቆየ።

ከሚሊዮኖች መካከል ሌባውን ስለሚመስል ብቻ የተለየ ፊት ከተደረደሩት ፎቶዎች መካከል ሲገባ፣ ቅን ምስክርም እሱን ብትጠቁም ምን ይገርማል? የምርመራ መዝገብ ላይ ግን ሁለት ማስረጃ ሆኖ ይነበባል፤ ማሽኑ አገኘው፣ ሰው አረጋገጠው። ሁለቱም የቆሙት በአንድ መመሳሰል ላይ ነው። በ2023 በዚያው ከተማ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር በመኪና ዘረፋ ተጠርጥራ ስትታሰርም መንገዱ ይኸው ነበር።

የመጀመሪያው ታሳሪ በፖሊስ ላይ ያቀረበው ክስ በ2024 በስምምነት ሲቋጭ፣ የዲትሮይት ፖሊስ ሌላ ማስረጃ ሳይዝ ከሶፍትዌሩ ያገኘውን ፎቶ ብቻ ለምስክር እንዳያሳይ ተወሰነ። ይህ ደንብ ከሶፍትዌር ማሻሻያ ሁሉ የሚበልጥ ይመስለኛል። እኛም ለፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ ስንመዘገብ ከጣት አሻራና ከዓይን ጋር የፊት ምስላችንን እየሰጠን ነው። በዚያ መዝገብ ውስጥ የተጠርጣሪ ፊት የሚፈለግበት ቀን ቢመጣ፣ ማን ይፈልጋል? ተጠርጣሪውስ በፍለጋ መገኘቱን ጠበቃው እንዲያውቅ የሚያስገድድ ሕግ ይኖራል?