የራጅ ማሽኑ ነጥብ ይሰጣል፤ የማለፊያውን ነጥብ የሚቆርጠው ማን ነው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው። በሳንባ ነቀርሳ ግን ብዙውን ጊዜ የሚደበቀው በሽታው ራሱ ነው። በልዩ ልዩ አገሮች የተካሄዱ ብሔራዊ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በምርመራ ከተገኘባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ የቆየ ሳል አልነበራቸውም። ስለዚህ ሕመምተኛው ጤና ጣቢያ እስኪመጣ መጠበቅ አይበቃም፤ ሄዶ መፈለግ ያስፈልጋል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የስኮትላንዷ ግላስጎው እ.ኤ.አ. በ1957 በአምስት ሳምንት ውስጥ ከ700 ሺህ በላይ ሰዎችን ራጅ አንስታለች። እንደኛ ባሉ አገሮች የጎደለው በየገጠሩ የሚደርስ መሣሪያና ፎቶውን የሚያነብ ሐኪም ነበር። ዛሬ 3.5 ኪሎ ግራም ብቻ የሚመዝን፣ በባትሪ የሚሠራ የራጅ ማንሻ አለ። ፎቶውንም በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ፕሮግራም ያነበዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ፕሮግራሙ ሐኪሙን ተክቶ ማንበብ እንደሚችል መክሯል።

ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ «ቲቢ አለብህ» አይልም። ቀድሞ ካያቸው እጅግ ብዙ ፎቶዎች ተምሮ ነጥብ ይሰጣል፤ ለምሳሌ ከ0 እስከ 100። እንደ ማትሪክ ሁሉ የማለፊያውን ነጥብ የሚቆርጠው ሰው ነው።

እንደ መሐንዲስ በምሳሌ ላስረዳ። ከ1,000 ሰዎች 10ሩ ታመዋል እንበል። ነጥቡን ዝቅ ብናደርገው 9ኙን እናገኛለን፤ ነገር ግን 250 ጤነኞችንም ለአክታ ምርመራ እንልካለን። ከፍ ብናደርገው የሚላኩት ጤነኞች ወደ 60 ይወርዳሉ፤ የምናገኘው ግን 7 ሕመምተኞችን ብቻ ነው። ሦስቱ እያሳለፉ ወደ ቤተሰባቸው ይመለሳሉ። በዚህ ላይ የዳነ ቲቢ የተወው ጠባሳም ፕሮግራሙን ስለሚያሳስተው፣ በአንድ አገር የሠራ ነጥብ በሌላው ላይሠራ ይችላል።

እንግዲህ ነጥቡን የሚወስነው የላቦራቶሪው አቅም ነው። አክታውን የሚመረምረው ጂን ኤክስፐርት ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውጤት ቢሰጥም፣ ለያንዳንዱ ምርመራ አንድ ካርትሪጅ ይፈጃል። ካርትሪጁ ሲያልቅ የራጁ ነጥብ ወረቀት ላይ ይቀራል።

በውጭ የምንኖር ወገኖች ገንዘብ አዋጥተን ማሽን ስንልክ፣ ፎቶ ተነሥተን እናስረክባለን። ከዚያ በፊት ግን እንጠይቅ፦ የአክታው ምርመራ በቂ ነው? ነጥቡን ባካባቢው ሕዝብ ላይ ፈትኖ የሚያስተካክል ባለሙያ አለ? የተገኘውን ሰው ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር የሚፈጀውን መድኃኒት እስኪጨርስ የሚከታተለውስ ማን ነው? መልስ ከሌለ፣ መጀመሪያ መላክ ያለበት ካርትሪጁ ነው።