የበዓላትን የቀጥታ ሥርጭት በቤት ኮምፒውተር ስንቀዳ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

በቸሃ የመስቀል በዓል የቤተሰብ መሰብሰቢያ ነው። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የሚኖሩት ልጆች ወደ እምድብርና በዙሪያዋ ወዳሉት መንደሮች ይመለሳሉ። መስከረም 16 ቀን በመስቀል ዐደባባይ የሚከበረው ደመራ በቴሌቪዥን በቀጥታ በሚተላለፍበት ሰዓት ግን በየቤቱ ሥራ የማይበዛበት ሰው የለም። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ሥርጭቱን በኮምፒውተር ቀድቶ ማታ በአንድነት ለማየት ያስባል።

እኛም በአንድ ወቅት በሕመም ምክንያት ከቤት ለማይወጡ እናት ይህን አገልግሎት ለመስጠት ቃል ገብተን ነበር። ማታ የተቀዳውን ስንከፍትላቸው የመዘምራኑ ያሬዳዊ ዝማሬ በመልካም ሁኔታ ተሰማ። ከአንድ ሰዓት ጥቂት ካለፈ በኋላ ግን ምስሉ በድንገት ተቋረጠ። እናታችንም «ልጆቼ፣ ደመራው ሳይለኮስ ቀረ እንዴ?» ሲሉ ጠየቁን። የምንመልሰው አልነበረንም። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነውም ሌሎች በዚያው ስሕተት እንዳይወድቁ በማሰብ ነው።

ችግሩ የት እንዳለ መለየት

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ጥያቄ መመለስ ይገባል፤ ሥርጭቱን ሳንቀዳ በቀጥታ ስናየው ምስሉ ጤናማ ነውን? በቀጥታም ስናየው የሚቆራረጥ ከሆነ ችግሩ ከዲሹ እስከ ኮምፒውተሩ ባለው መስመር ላይ ነው። በቀጥታ ሲታይ ጤናማ ሆኖ የተቀዳው ብቻ የሚበላሽ ከሆነ ግን ምክንያቱ የሚገኘው በሰዓቱ፣ በማከማቻው ወይም በመብራቱ ዘንድ ነው። ይህን ሳይለዩ ዲሽ ማዞር፣ ወይም ደኅናውን ኮምፒውተር መፍታት ድካምን ከማብዛት በቀር አይጠቅምም።

የዲሹና የመስመሩ ነገር

የሀገራችን ጣቢያዎች አብዛኞቹ ቀድሞ ይተላለፉ የነበሩት በ7 ዲግሪ ምዕራብ ከሚገኘው ናይልሳት ሲሆን፣ በኋላ ኢትዮሳት በተባለው አገልግሎት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወዳለው ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት ተዛውረዋል። ስለዚህ የዲሹ ፊት ወደ ምሥራቅ መዞር ይኖርበታል። በዚያ አቅጣጫ የበቀለ ባሕር ዛፍ ዲሹ በተተከለበት ጊዜ አጭር ቢሆንም፣ ከዓመታት በኋላ አድጎ መንገዱን ሊዘጋ ይችላል።

በኮምፒውተሩ ላይ የሲግናል ጥንካሬና ጥራት ለየብቻ ይታያሉ። ጥንካሬው ከፍተኛ ሆኖ ጥራቱ ዝቅተኛ ከሆነ ብዙ ጊዜ ዲሹ በትክክል አልተነጣጠረም፣ ወይም የገመዱ ጫፍ ዝጓል፣ አለዚያም ውኃ ገብቶበታል። ከባድ ዝናብ ሲጥል ለጥቂት ደቂቃ መቆራረጡ የተለመደ ነው። በጠራ ሰማይም ከቀጠለ ግን ጫፎቹን ቆርጦ በአዲስ መተካትና ከዝናብ መሸፈን ያስፈልጋል።

አንድ ዲሽ ለሁለት ሲሆን

በብዙ ቤት ከአንዱ ዲሽ የሚመጣው ገመድ በማከፋፈያ ተከፍሎ ለሪሲቨሩም ለኮምፒውተሩም ይሰጣል። ይህ የተሰወረ ችግር አለው። በዲሹ ፊት ያለው ኤልኤንቢ ቀጥ ያለውን ሞገድ የሚመርጠው 13 ቮልት፣ አግድሙን የሚመርጠው ደግሞ 18 ቮልት ሲደርሰው ነው። ኮምፒውተሩ በአንዱ ሲቀዳ፣ በሌላው ክፍል ያሉት ልጆች በሁለተኛው ሞገድ የሚተላለፍ ጣቢያ ቢከፍቱ የምንቀዳው ሥርጭት ይጠፋል። መፍትሔው ሁለት መውጫ ያለው ኤልኤንቢ መግጠምና ለእያንዳንዱ የየራሱን ገመድ መዘርጋት ነው። ይህ ካልተቻለ በቀረጻው ሰዓት ሪሲቨሩን ከመብራት መንቀል ይገባል።

የሰዓትና የቀን አቈጣጠር

በእኛ ሀገር ብዙ ቀረጻ የሚያመልጠው በዚህ ነው። ጣቢያው «ከቀኑ 9 ሰዓት» ሲል ኮምፒውተሩ የሚያውቀው 15 ሰዓት ብሎ ነው፤ «ከምሽቱ 2 ሰዓት» ማለትም 20 ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ደግሞ ኮምፒውተሩ ቀኑን ይለውጣል። ስለዚህ እኛ «ቅዳሜ ሌሊት 8 ሰዓት» የምንለው የትንሣኤ ሥርዓት በኮምፒውተሩ ላይ እሑድ 2 ሰዓት ተብሎ መሞላት አለበት። ቅዳሜ 2 ሰዓት ብለን ከሞላነው ቀረጻው አንድ ቀን ቀድሞ ይከናወናል።

ወሩና ቀኑም ጥንቃቄ ይሻሉ። መስከረም 16 በጎርጎርዮሳዊው አቈጣጠር ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 26 ነው። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው መስከረም ግን ሴፕቴምበር 27 ይሆናል፤ በ2016 ዓ.ም. የሆነውም እንደዚሁ ነበር። የሰዓት ቀጣናውም በግሪኒች ላይ 3 ሰዓት የተጨመረበት መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። የበዓል ሥርጭት ከተነገረው ሰዓት ሊዘገይ ስለሚችል ከመጀመሪያው 10 ደቂቃ መቅደም፣ በመጨረሻውም ቢያንስ አንድ ሰዓት መጨመር ይመከራል።

ማከማቻው ሲሞላ ወይም ሲገደብ

ከላይ ያነሣናቸውን እናት ያሳዘነው ስሕተት የዚህ ክፍል ነው። የቀዳንበት ፍላሽ ፋት 32 በሚባለው አሠራር የተሰናዳ ነበር። ይህ አሠራር ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ፍላሹ ባዶ ቢሆንም እንኳ ፋይሉ በዚያ ልክ ይቆማል። ሥርጭቱ በሰከንድ 8 ሜጋቢት ቢሆን በአንድ ሰዓት 3.6 ጊጋባይት ይይዛል። እንግዲህ 4 ጊጋባይቱ የሚሞላው ከ1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ በኋላ ነው። ደመራው የሚለኮሰው ደግሞ በመርሐ ግብሩ ፍጻሜ ነውና ያ ክፍል ሳይቀዳ ቀረ።

መፍትሔው ማከማቻውን ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው አሠራር ማሰናዳት ነው። ይህ ሲደረግ በውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ አስቀድሞ ሌላ ቦታ መገልበጥ ያስፈልጋል። ለ6 ሰዓት ሥርጭት በዚሁ ስሌት ወደ 22 ጊጋባይት የሚጠጋ ባዶ ቦታ ይፈለጋል። ዘገምተኛ ፍላሽም ምስሉን ስለሚያቆራርጥ በኮምፒውተሩ ውስጥ ባለው ሃርድ ዲስክ ላይ መቅዳት ይሻላል።

መብራትና የኮምፒውተሩ እንቅልፍ

ኮምፒውተሩ ለቁጠባ ሲል ራሱን ያስተኛል፤ የተኛ ኮምፒውተር ደግሞ የቀረጻው ሰዓት ሲደርስ ላይነቃ ይችላል። በበዓል ቀን ይህን ልማዱን ከኃይል አጠቃቀም ማስተካከያው ማጥፋት ይገባል። መብራት ሲቋረጥም ፋይሉ በወጉ ሳይዘጋ ይቀራል። የመጠባበቂያ ባትሪ ለአጭር መቋረጥ ይበቃል፤ ለኮምፒውተሩ ብቻ ሳይሆን ዲሹን ለሚያንቀሳቅስ መሣሪያ ካለም አብሮ መሰካት አለበት። በውስጡ ባትሪ ያለው ላፕቶፕም ከዚህ አንጻር የተሻለ ነው።

ፋይሉ አልከፈት ካለ ለማጥፋት አንቸኩል። ቲኤስ በሚባለው ዓይነት የተቀዳ ከሆነ እስከተቋረጠበት ድረስ ያለው ክፍል ብዙ ጊዜ በቪኤልሲ ይከፈታል። ድምፁና ምስሉ ካልተጣጣሙም ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ወደ ሌላ ፋይል መገልበጥ አንዳንድ ጊዜ ያስተካክለዋል።

በመጨረሻ

ከሁሉ የሚበልጠው ምክር በዋዜማው መሞከር ነው። በዓሉ በሚተላለፍበት ጣቢያ፣ በዚያው ማከማቻ፣ ለሁለት ሰዓት ያህል ቀድቶ መጨረሻውን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። መጀመሪያውን ብቻ አይቶ መርካት እኛን እንዳሳሳተን ሌላውንም ያሳስታል። የተቀዳው ሥርጭት በቤተ ክርስቲያን ተገኝቶ ማስቀደስን እንደማይተካ ምእመናን ያውቃሉ። ነገር ግን እግራቸው ለደከመ አረጋውያንና አልጋ ለያዙ ሕሙማን መጽናኛ ነውና፣ ለእነርሱ የገባነውን ቃል በጥንቃቄ እንፈጽም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።