ባለጉዳዩ ከደጃፍ ለምን ተመለሰ?

(በሬዲዮ ከተሰማው ንግግር የተወሰደ)

በመሥሪያ ቤትዎ ደጃፍ የሚቆመውን ዘበኛ ለአንድ አፍታ ያስቡት። ጧት በሩን ከከፈተ ጀምሮ ማታ እስኪዘጋ ድረስ ስንት ሰው እንደ ገባ፥ ሰው የሚበዛው በስንት ሰዓት እንደ ሆነ፥ ማን ወደ መዝገብ ቤት፥ ማን ወደ ገንዘብ ቤት እንዳቀና ቢጠየቅ ከሞላ ጐደል ሊናገር ይችላል። ነገር ግን አንዲት እናት ሁለተኛው ፎቅ ሳትደርስ ከደረጃው መካከል ስለ ምን እንደ ተመለሰች ቢጠየቅ፥ «ስትወጣ አይቻታለሁ» ከማለት በቀር የሚጨምረው ነገር የለውም። ምክንያቱን የሚያውቅ ከእርስዋ ጋር የተነጋገረ ሰው ብቻ ነው።

ዛሬ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ከድንጋይና ከሲሚንቶ ከተሠራው በር ሌላ ሁለተኛ በር አላቸው፤ ይኸውም በኢንተርኔት ላይ የሚገኘው ድረ ገጻቸው ነው። በዚህ በር የሚገባው ባለጉዳይ አይታይም፤ ኮቴው አይሰማም፤ ተበሳጭቶ ቢመለስም የሚያጕረመርመው ለብቻው ነው። ስለዚህ ምንም ችግር የሌለ ይመስላል። ዳሩ ግን ከደሴ ወይም ከጐንደር ሆኖ በእጅ ስልኩ ገጹን ከፍቶ ጉዳዩን ለመፈጸም ያልቻለ ሰው፥ በማግሥቱ ለአውቶቡስ ከፍሎ፥ ለአልጋ ከፍሎ፥ ሥራውን ፈትቶ ከቢሮዎ ፊት ለፊት ይሰለፋል። አለዚያም ጉዳዩን ትቶ ይቀራል።

ይህን የማይታይ ባለጉዳይ ለማወቅ የሚያገለግሉ ሁለት መሣሪያዎች አሉ። አንደኛው አናሊቲክስ የሚባለው የጎብኚዎች ቈጠራ ሲሆን፥ ሁለተኛው ላይቭ ቻት የሚባለው፥ ባለጉዳዩና ሠራተኛው በዚያው ገጽ ላይ ወዲያው ለወዲያው በጽሑፍ የሚነጋገሩበት ዘዴ ነው። አሳቤን አስቀድሜ ልግለጽ፤ የመጀመሪያው ያለ ሁለተኛው ዘበኛ ብቻ ነው።

ቈጠራው እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። ድረ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒዩተር ሰርቨር ይባላል። አንድ ሰው ገጽ እንዲከፈትለት በጠየቀ ቍጥር ሰርቨሩ አንድ መስመር ይጽፋል። በዚህም መስመር ጥያቄው የመጣበት የአይፒ አድራሻ፥ ቀኑና ሰዓቱ፥ የተፈለገው ገጽ፥ ጥያቄው መሳካቱና አለመሳካቱ፥ ብዙ ጊዜም ጎብኚው ከየትኛው ገጽ እንደ መጣና የያዘው መሣሪያ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ይመዘገባል። የገቢ ደብዳቤ መዝገብ ይዞ የሚያውቅ ጸሐፊ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ቀድሞ ድረ ገጽ ያላቸው ሰዎች የእነዚህን መስመሮች ብዛት እየቈጠሩ ይመኩ ነበር። ይህ ግን አሳሳች ነበር፤ ዐሥር ሥዕሎች ያሉበትን አንድ ገጽ የከፈተ አንድ ሰው በመዝገቡ ላይ ዐሥራ አንድ መስመር ያስጽፋልና። እንዲህ ያለው ቍጥር በሪፖርት ላይ ሰፍሮ ሲነበብ ጭብጨባ ሊያስገኝ ይችላል፤ ስለ ባለጉዳዩ ግን የሚነግረን የለም።

በ1994 እ.ኤ.አ. ኔትስኬፕ በሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ኩኪ የተባለውን ነገር አወጣ። ኩኪ ማለት ሰርቨሩ በጎብኚው ብራውዘር ውስጥ የሚያስቀምጠው ትንሽ ጽሑፍ ነው፤ በሆስፒታል ካርድ ክፍል እንደሚሰጠው የቍጥር ወረቀት ሊቈጠር ይችላል። ሰውዬው በማግሥቱ ሲመለስ ቍጥሩን ያሳያል፤ ሰርቨሩም «ይህ የትናንቱ ነው» ይላል። በ2005 እ.ኤ.አ. ጉግል የተባለው ኩባንያ አርቺን የሚባል የቈጠራ ድርጅት ገዝቶ፥ በዚያው ዓመት ጉግል አናሊቲክስ በሚል ስም አገልግሎቱን ያለ ዋጋ ለሕዝብ ከፈተ። የቀድሞው ዓይነት በሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. አዲስ ቈጠራ መቀበል አቁሞ በአራተኛው ተተክቷል። መዝገቡ ከእጁ እንዳይወጣ የሚሻ መሥሪያ ቤት ደግሞ ማቶሞ የተባለውን፥ በራሱ ሰርቨር ላይ ሊያኖረው የሚችለውን መሣሪያ መጠቀም ይችላል።

እነዚህ መሣሪያዎች ብዙ ነገር ይነግሩናል፤ ባለጉዳዩ ከየት እንደ መጣ፥ በስልክ ወይም በኮምፒዩተር መምጣቱን፥ በመፈለጊያው ሣጥን ውስጥ ምን ቃል እንደ ጻፈ፥ ከየትኛው ገጽ ላይ ትቶ እንደ ሄደ ያሳያሉ። ከእነዚህ ሁሉ በበኩሌ ከፍ አድርጌ የማየው የመፈለጊያውን ቃል ነው። እኛ ገጻችንን «የንግድ ሥራ ፈቃድ ዕድሳት አገልግሎት አሰጣጥ ሥርዓት» ብለን ስንሰይመው፥ ሰውዬው «ላይሰንስ ማሳደስ» ብሎ ይፈልጋል፤ አያገኝምም። ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ነገር ግን ቍጥሩን እንደ መሐላ ቃል አንቀበለው። በአንድ ኢንተርኔት ካፌ በአንድ ኮምፒዩተር ተራ በተራ የተጠቀሙ ሃያ ሰዎች እንደ አንድ ሰው ሊቈጠሩ ይችላሉ። ጧት በስልኩ፥ ከሰዓት በኋላ በቢሮ ኮምፒዩተሩ የገባ አንድ ሰው ግን ሁለት ሆኖ ይቈጠራል። በእጅ ስልክ መሥመር የሚጠቀሙ ብዙ ደንበኞች አንድ የአይፒ አድራሻ ሲጋሩ፥ ሰው ያልሆኑ፥ ገጽ ከገጽ እየዞሩ የሚያነቡ የፍለጋ ድርጅቶች ፕሮግራሞችም በሰርቨሩ መዝገብ ላይ እንደ እንግዳ ይሰፍራሉ። የቈይታው ጊዜም እንዲሁ ነው። በቀድሞው አቈጣጠር አንድ ሰው በገጽ ላይ የቈየበት ጊዜ የሚታወቀው ቀጣዩን ገጽ በከፈተበት ሰዓት ስለ ነበር፥ አንዱን ገጽ ብቻ ከፍቶ ዐሥር ደቂቃ በጥሞና አንብቦ የሄደ ሰው ዜሮ ተብሎ ይመዘገብ ነበር። አዲሱ ጉግል አናሊቲክስ ከ10 ሴኮንድ በላይ የቈየውን፥ ወይም ሁለት ገጽ ያየውን፥ ወይም ተፈላጊውን ሥራ የፈጸመውን ጎብኚ «በቁም ነገር የመጣ» ብሎ ይቈጥራል። ይህ ይሻላል፤ ሆኖም 10 ሴኮንድ የተደናገጠ ሰውም የሚቈይበት ጊዜ ነው።

ስለ ሰዓቱም አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ብዙ ሰርቨሮች የሚመዘግቡት በግሪንዊች ሰዓት ነው። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ 6 ሰዓት ተብሎ የተጻፈው፥ በግድግዳው የፈረንጅ ሰዓት 9 ሲሆን፥ ባለጉዳዩ ደግሞ «ከጧቱ በ3 ሰዓት ገብቼ ነበር» ይልዎታል። ሦስቱም እውነት ናቸው። ይህን ሳያስተውል ሪፖርት የሚያዘጋጅ ሰው፥ ሕዝቡ ገጹን የሚጎበኘው በሌሊት ነው ብሎ ለአለቃው ቢያቀርብ አያስደንቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ለምሳሌም ያህል አንድ ገጽ በአሳባችን እንፍጠር። አንድ ሺሕ ነጋዴዎች የንግድ ፈቃድ የሚታደስበትን ገጽ ከፈቱ እንበል። ከእነዚህም 620ዎቹ ቅጹን መሙላት ጀመሩ፤ 540ዎቹ ስማቸውንና የፈቃድ ቍጥራቸውን ሞልተው አለፉ፤ «ፈቃዱ መጨረሻ የታደሰበት ቀን» የሚለውን ቦታ ሞልተው ያለፉት ግን 200 ብቻ ናቸው። ቈጠራው ሥራውን ፈጽሟል፤ ሰዎቹ ከየትኛው ደረጃ ላይ እንደ ተመለሱ በጣቱ ጠቁሞናል። ስለ ምን እንደ ተመለሱ ግን አያውቅም። በዚህ ጊዜ በጠረጴዛ ዙሪያ የሚሰበሰቡት ሹማምንት የየራሳቸውን ግምት ያቀርባሉ። አንዱ ኔትወርኩ ደካማ ነው ይላል፤ ሁለተኛው ሕዝቡ ገና አልሠለጠነም ይላል፤ ሦስተኛው ገጹ አዲስ ቀለም ያስፈልገዋል ይላል። ለቀለሙም ጨረታ ይወጣል።

በገጹ ጥግ ትንሽ የቻት መስኮት ቢኖር፥ ከተመለሱት 340 ነጋዴዎች አንዱ እንዲህ ብሎ ይጽፍ ነበር፤ «አምና ያሳደስኩትን ፈቃድ ጊዜው ካለፈ ብዙ ዓመት ሆኖታል፥ በአካል ይቅረቡ ይለኛል፤ ምን ላድርግ?» ጸሐፊው «እባክዎ በቅጹ ላይ የሞሉትን ቀን ይንገሩኝ» ብሎ ይጠይቃል፤ ነጋዴውም ከወረቀቱ ላይ እንዳለ የ2017ን ዓመተ ምሕረት ገልብጦ ይልክለታል። ነገሩ ያን ጊዜ ግልጽ ይሆናል። ቅጹ የተሠራው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው፤ ነጋዴው የጻፈው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው፤ መኪናውም 2017ን የፈረንጅ አድርጎ ስለ ወሰደው ሰውዬውን ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ገፋው። መድኃኒቱም ከሣጥኑ በላይ «ቀኑን በኢትዮጵያ አቈጣጠር ይጻፉ» የሚል አንድ መስመር መጨመርና ቅጹ ራሱ እንዲለውጠው ማድረግ ነው። ከዚህ በኋላ እንደ ገና ወደ ቈጠራው መመለስ ያስፈልጋል፤ በሚቀጥለው ወር ከ540ዎቹ ስንቱ እንዳለፉ ሲታይ፥ ያገኘነው ምክንያት እውነተኛ መሆኑና አለመሆኑ ይታወቃል። አንድ ሰው በቻት የተናገረው የአንድ ሰው ነገር ብቻ ሊሆን ይችላልና።

በንግግርና በቈጠራ መካከል የሚገኝ ርካሽ ዘዴም አለ። የእንግሊዝ መንግሥት በጥቅምት 2012 እ.ኤ.አ. የየመሥሪያ ቤቱን አገልግሎት ወደ አንድ ድረ ገጽ ማሰባሰብ ሲጀምር፥ አስቀድሞ ካወጣቸው መመሪያዎች የመጀመሪያው ሥራ ከተጠቃሚው ፍላጎት ይጀምር የሚል ነበር። በገጾቹም ግርጌ «ይህ ገጽ ጠቅሞዎታልን?» የሚል ጥያቄ ይገኛል። የቻት ሠራተኛ ለመመደብ አቅም የሌለው ክፍል ከዚህ ሊጀምር ይችላል።

ቻት ለመክፈት የወሰነ መሥሪያ ቤት ግን ሠራተኛውን በጥንቃቄ ይምረጥ። በልማድ እንዲህ ያለው ሥራ ለአዲስ ተቀጣሪ ይሰጣል፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ይመስለኛል። እዚያ መቀመጥ የሚገባው ጉዳዩን ከሥሩ የሚያውቅ፥ ትሕትና ያለው ሰው ነው። አንድ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ባለጉዳዮችን በአንድ ጊዜ ሊያነጋግር ይችላል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን መልሱ ይዘገያል። መልስ የማይሰጥበት የቻት መስኮትም እየጮኸ ማንም እንደማያነሣው ስልክ ነው። ብዙ ሰዎች አማርኛን በላቲን ፊደል ይጽፋሉ፤ አንዳንዱም በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ይመጣል፤ ይህን መናቅ አይገባም። ጸሐፊው የሚያነጋግረው ወንድ ይሁን ሴት፥ ሽማግሌ ይሁን ወጣት አያይም፤ ለዚህ ግን ቋንቋችን «እርስዎ» የሚል መድኃኒት ቀድሞ አዘጋጅቶለታል። በሳምንት አንድ ጊዜም የተደረጉትን ንግግሮች ሰብስቦ አንብቦ፥ ተደጋግሞ የመጣው ጥያቄ የትኛው እንደ ሆነ ለክፍሉ ኃላፊ ማቅረብ ይገባዋል። ይህ ካልተደረገ ያው ጥያቄ በየቀኑ ሲመለስ ይኖራል።

ስለ ሰው ፋንታ ቻትቦት የሚባለውን መኪና ማስቀመጥስ? በ1966 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ጆሴፍ ዋይዘንባውም የተባለ ሊቅ ኤላይዛ የሚባል የሚነጋገር ፕሮግራም አሳተመ። ፕሮግራሙ ሰውዬው የተናገረውን መልሶ በጥያቄ መልክ ከማቅረብ ያለፈ እውቀት አልነበረውም። እንዲያውም ሥራው ሲሠራ ያየች የራሱ ጸሐፊ፥ ከፕሮግራሙ ጋር ለብቻዋ ለመነጋገር ስትል ከክፍሉ እንዲወጣላት ለመነችው። የዛሬዎቹ ከዚያ እጅግ የተራቀቁ ናቸው፤ የሰው ጠባይ ግን ያው ነው። ስለዚህ የሚመልሰው መኪና ከሆነ ከመጀመሪያው መስመር ላይ መኪና መሆኑ ይጻፍ፤ ወደ ሰው የሚያሻግር መንገድም ይኑር።

ባለጉዳዩ ሊያውቀው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። አንዳንድ የቻት ፕሮግራሞች ሰውዬው ገና ሳይልከው፥ እየጻፈና እየሰረዘ ያለውን ለሠራተኛው ያሳያሉ። ይህ መልስ ለማፋጠን ይጠቅማል ይባላል፤ እኔ ግን በበር ቀዳዳ ከማየት ለይቼ አላየውም። የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ከግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። በአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ወጥቷል። ስለሆነም ስለ ጎብኚው የሚመዘገበው ምን እንደ ሆነ በገጹ ላይ በግልጽ አማርኛ ይጻፍ፤ የባለጉዳዩ ስምና የመታወቂያ ቍጥር በገጹ አድራሻ ውስጥ እንዳይገባ ይደረግ፤ ምክንያቱም በአድራሻው ውስጥ የገባ ሁሉ ወደ ቈጠራው መዝገብ ይገባል።

ቻቱ ክፍት የሚሆንበትንም ሰዓት በገጹ ላይ ሲጽፉ፥ «ከጧቱ 2፡30 እስከ ቀኑ 11፡30፥ በአዲስ አበባ ሰዓት» ብለው የፈረንጁንም ቍጥር አጠገቡ ይጨምሩ። በዋሺንግተን የሚኖረው ወገናችን ጉዳዩን የሚጽፍልዎ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ነው፤ የእርሱ ጧትም የእርስዎ አመሻሽ ነው። የጎብኚዎቹ ቈጠራ ከዚያ አገር ብዙ ሰው እንደሚመጣ ካሳየዎ፥ በሳምንት አንድ ቀን አንድ ሠራተኛ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት እንዲቈይ ማድረግ ይበቃል።