የአረፋው ሥጋና የደጃፉ ጠባቂ

በአረፋ ዕለት በአሶሳ ከተማ ከሶላት መልስ ኡድሂያ ይታረዳል፤ ሥጋው ለቤተሰብ፣ ለዘመድ ወዳጅና ለችግረኞች መከፋፈሉም የተለመደ ነው። ከቀርከሃው አጥር ውስጥ ያደገው ግዙፍ ውሻ ግን ይህን ክፍፍል አያውቅም። ከትሪ ላይ ያነሳው ወይም ከሕፃን እጅ የነጠቀው ሥጋ ለድሃ የታሰበው ድርሻ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ዱላ ያስተምረዋልን? ዱላ የሚያስተምረው ሰው በሌለበት መስረቅን ነው። የሚበጀው ቁራጭ ሥጋ በጡጫ ጨብጦ «ተው!» ማለት፣ ውሻው ማሽተቱን ትቶ አፉን ሲመልስም ከሌላው እጅ መሸለም ነው፤ ይህም ከበዓሉ ሳምንታት አስቀድሞ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ይደጋገማል። ከማዕድ ዳር አንዴ የተወረወረ አጥንት ልፋቱን ሁሉ ያፈርሳል፤ ጥፋቱም የወርዋሪው እንጂ የውሻው አይደለም።

ውሻ ራሱን መግታት እንደሚማር ለሙስሊሙ አንባቢ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። በቁርኣን አል ማኢዳ ምዕራፍ 4ኛ አንቀጽ፣ የሠለጠነ አዳኝ ውሻ ለጌታው የያዘው እንዲበላ ተፈቅዷል፤ ካደነው ከቀመሰ ግን ለራሱ እንደያዘ እንደሚቆጠር በሐዲስ ተገልጿል።

በበዓሉ ዕለት ውሻው ቀድሞ ይጥገብ፣ ከዚያም ይታሰር። ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ግን አይሰጠው፤ ትሉ በውሻው አንጀት አድጎ እንቁላሉ ወደ ሰው ይተላለፋልና በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር።