ኖርማን ሊር፤ የቤተሰብ ክርክርን ወደ ቴሌቪዥን ያስገቡ የኮሜዲ ደራሲና ፕሮዲዩሰር

በአሜሪካ ቴሌቪዥን የኮሜዲ ደራሲና ፕሮዲዩሰር የሚባለው ሰው ሁለት ሙያዎችን ደርቦ የያዘ ነው፤ በደራሲነቱ ታሪኩንና ምልልሱን ይጽፋል፣ በፕሮዲዩሰርነቱ ደግሞ ተዋንያን ይመርጣል፣ በጀት ይይዛል፣ ቀረጻውንና አርትዖቱን ይቆጣጠራል፣ ሥራውን ከሚያሰራጨው ኔትወርክ፣ ማለትም በየከተማው ያሉ ጣቢያዎችን በአንድ የፕሮግራም ሰንጠረዥ ከሚያስተሳስረው ድርጅት ጋርም ይደራደራል። ደራሲ ብቻ የሆነ ሰው ስክሪፕቱን ካስረከበ በኋላ ሌሎች ቢቆርጡበት ከማዘን በቀር የሚያደርገው ብዙ ነገር የለም፤ ሁለቱን ሥልጣን የያዘ ግን የጻፈው ሳይሸራረፍ ተመልካች ዘንድ እንዲደርስ መሟገት ይችላል። ከ1922 እስከ 2023 (ቀናቱና ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኖሩት ኖርማን ሊር ይህን ሥልጣን ከማንም በላይ የተጠቀሙበት ሰው ናቸው፤ ዝናቸውም ከቀልዶቻቸው ይልቅ ለእነዚያ ቀልዶች ባደረጉት ሙግት ላይ የቆመ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሊር በኮነቲከት ግዛት በኒው ሄቨን ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። ዘጠኝ ዓመት ሲሆናቸው አባታቸው ሐሰተኛ ቦንድ በመሸጥ ተከሰው ታሰሩ፣ ቤተሰቡም ተበተነ፤ ልጁ በዘመድ ቤት አደጉ። አባትየው ቤት በነበሩበት ጊዜ የራሳቸው ወንበር ያላቸው፣ ሚስታቸውን አፍሽን ዝጊ እያሉ የሚቆጡ ሰው ነበሩ፤ ይህ ሁሉ ከብዙ ዓመታት በኋላ የልጃቸው ዋነኛ ገጸ ባሕርይ ጠባይ ሆኖ ተመልሷል። ሊር በ1942 በቦስተን የሚገኘውን የኤመርሰን ኮሌጅ ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ጦር ሠራዊቱ የአየር ክፍል ገቡና በቢ-17 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን የሬዲዮ ሠራተኛና ተኳሽ ሆነው ከጣሊያን እየተነሱ 52 ጊዜ ለግዳጅ በረሩ።

ከጦርነቱ በኋላ ሎስ አንጀለስ ገብተው ከአጎታቸው ልጅ ባል ከኤድ ሲመንስ ጋር ቀን ቀን ቤት ለቤት ዕቃ እየሸጡ ማታ ማታ ቀልድ መጻፍ ጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ የዲን ማርቲንና የጄሪ ሉዊስ ጥምረት በሚቀርብበት «ኮልጌት ኮሜዲ አወር» ላይ ተቀጠሩ። ይህ ዘፈን፣ ጭፈራና አጫጭር ጭውውት የሚፈራረቁበት ቫራይቲ የሚባል የዝግጅት ዓይነት ሲሆን በቀጥታ ስለሚተላለፍ የማያስቅ ቀልድ ወዲያው የሚጋለጥበት ጥብቅ ትምህርት ቤት ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሊር ከዳይሬክተሩ ከበድ ዮርኪን ጋር ታንደም የተባለውን ድርጅት መሠረቱ፤ ለሲኒማም ጽፈው «ዲቮርስ አሜሪካን ስታይል» በተባለው የ1967 ፊልም ድርሰት ለኦስካር ታጭተዋል።

የሥራ ዘመናቸው ዋና ምዕራፍ የተጀመረው በቢቢሲ ይተላለፍ ስለነበረ «ቲል ዴዝ አስ ዱ ፓርት» የተባለ የእንግሊዝ ሲትኮም ባነበቡ ጊዜ ነው። ሲትኮም ማለት በየሳምንቱ እነዚያው ሰዎች በዚያው ቤት ወይም መሥሪያ ቤት አዲስ ገጠመኝ የሚገጥማቸው፣ ግማሽ ሰዓት ያህል የሚፈጅ ኮሜዲ ነው። በዚያ ሥራ ግትር የሆነ ወዛደር አባት ከአማቹ ጋር በፖለቲካ ይነታረካል፤ ሊርም በንትርኩ ውስጥ የራሳቸውን አባት አዩ። ታሪኩን ወደ ኒው ዮርክ፣ ወደ ኩዊንስ ሰፈር አምጥተው አርቺ በንከር የሚባል የጭነት ኃላፊ፣ የዋህ ሚስቱን ኤዲትን፣ ልጁን ግሎሪያንና ተማሪ የሆነውን ባሏን ማይክን ፈጠሩ። ኤቢሲ የተባለው ኔትወርክ ሁለት ጊዜ የሙከራ ክፍል አሠርቶ ሁለቱንም ጊዜ ፈርቶ ተወው፤ በመጨረሻ ሲቢኤስ ገዝቶት «ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ» በሚል ስም ጥር 12 ቀን 1971 ለሕዝብ ቀረበ።

የፍርሃቱን ምክንያት ለመረዳት ከዚያ በፊት የነበረውን ማየት ያስፈልጋል። በ1960ዎቹ አሜሪካ ቬትናም ውስጥ እየተዋጋች፣ በከተሞቿም የዘር አመፅ እየነደደ ሳለ የቴሌቪዥን ኮሜዲዎቿ የሚያወሩት ስለምትተናኮል ጂኒ፣ ስለ ጠንቋይ ሚስትና (ነገሩ ቀልድ አይደለም) ስለሚናገር ፈረስ ነበር። አርቺ በንከር ግን ጥቁሮችን፣ አይሁዶችንና ስደተኞችን በቤቱ እንደሚሳደብ ሰው እየተሳደበ መጣ። ኔትወርኮች ከስርጭት በፊት ስክሪፕት እየመረመረ ይህ ይውጣ፣ ያ ይለወጥ የሚል ክፍል ነበራቸው፤ በተግባር የግል ሳንሱር ማለት ነው። በመጀመሪያው ክፍል አርቺና ኤዲት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ቀደም ብለው ሲመለሱ ልጃቸውና ባሏ ወደ መኝታ ቤት ሊወጡ ሲሉ ይደርሱባቸዋል፣ አርቺም ገና ከረፋዱ አምስት ሰዓት መሆኑን እየጠቀሰ ያጉረመርማል። ሲቢኤስ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር እንድትወጣ ጠየቀ፤ ሊር ከወጣች ሥራውን ጥለው እንደሚሄዱ አስታወቁ። ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም በትንሹ የተሸነፈ ፕሮዲዩሰር በትልቁ እንደማይሰማ ያውቁ ነበር። ዓረፍተ ነገሯ ሳትነካ ተላለፈች። ኔትወርኩ የተቃውሞ ጥሪ ይጎርፋል ብሎ ተጨማሪ የስልክ ሠራተኞች ቢያሰማራም የተፈራው ጎርፍ አልመጣም፤ ሥራውም ከቀጣዩ የስርጭት ዓመት ጀምሮ እስከ 1976 ድረስ ለአምስት ተከታታይ ዓመታት በተመልካች ብዛት አንደኛ ሆነ።

አሠራሩም ከይዘቱ ያልተናነሰ ነበር። ብዙ ኮሜዲዎች ተመልካች በሌለበት ተቀርጸው የተቀዳ ሳቅ ይጨመርባቸው በነበረበት ዘመን ሊር እውነተኛ ታዳሚ ፊት፣ እንደ ቴአትር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ በብዙ ካሜራ በቪዲዮ ክር ማስቀረጽን መረጡ። አንዱ ክፍል በአንድ ቀን ለሁለት የተለያዩ ታዳሚዎች ሁለት ጊዜ ይቀርብና ከሁለቱ የተሻለው እየተመረጠ ይቀናበራል። በዚህ ዘዴ ተዋናዩ ሳቁ እስኪበርድ ዝም ብሎ መጠበቅን፣ ደራሲውም የማያስቀውን በመጀመሪያው ቀረጻና በሁለተኛው መካከል መለወጥን ይማራል።

ሊር ከዚህ አንድ ግንድ ሌሎችን አባዙ፤ ከነበረ ሥራ ገጸ ባሕርይ ወስዶ ራሱን የቻለ ተከታታይ ማበጀት ስፒን-ኦፍ ይባላል። የኤዲት ዘመድ «ሞድ» የራሷን ዝግጅት አገኘች፣ ከ«ሞድ» የቤት ሠራተኛዋ ወጥታ «ጉድ ታይምስ» ተፈጠረ፣ የበንከር ጥቁር ጎረቤቶችም «ዘ ጀፈርሰንስ» ሆነው እስከ 1985 ዘለቁ። በ1974/75 የስርጭት ዓመት እነዚህ ሦስቱ፣ «ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ» እና ሌላው የታንደም ሥራ «ሳንፎርድ ኤንድ ሰን» በአንድነት ከአሥሩ ከፍተኛ ተመልካች ካላቸው ዝግጅቶች አምስቱን ያዙ። በኅዳር 1972 ደግሞ የ47 ዓመቷ ሞድ ፅንስ ለማቋረጥ ስትወስን የሚያሳይ ባለ ሁለት ክፍል ታሪክ ቀረበ፤ ስለ ፅንስ ማቋረጥ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ታዋቂ ውሳኔ የተሰጠው ከሁለት ወር በኋላ ነው። በኢሊኖይ የሚገኙ ሁለት ጣቢያዎች አናስተላልፍም አሉ፣ በቀጣዩ ክረምት ሲደገም እምቢ ያሉት እጅግ በዙ።

ሊርን ማመስገን ግን ጥያቄዎቹን ማድበስበስ የለበትም። ኒል ቪድማርና ሚልተን ሮኪች በ1974 ባሳተሙት ጥናት ጭፍን ጥላቻ ያላቸው ተመልካቾች አርቺን እንደ ሞኝ ሳይሆን እንደ አሸናፊ የማየት ዝንባሌ እንዳላቸው አሳይተዋል፤ ምጸት የሚሠራው ምጸት መሆኑ ለገባው ብቻ ነውና። በ«ጉድ ታይምስ» ደግሞ ወላጆቹን የተጫወቱት ኤስተር ሮልና ጆን ኤሞስ የበኩር ልጁ ጄጄ እየተቅለሰለሰ የሚያስቅ ሥራ ፈት መደረጉ የጥቁር ቤተሰብን ክብር ይነካል ብለው በግልጽ ተቃወሙ፤ ኤሞስ ከሥራው ተሰናበተ። ለኔትወርኩ ባለሥልጣናት አልበገርም ያለው ፕሮዲዩሰር ለገዛ ተዋንያኑ ራሱ ባለሥልጣን እንደነበር መዘንጋት አይገባም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ባጭሩ ሊባል ይችላል። ሊር በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሃይማኖት ቀኝ አክራሪዎችን የሚቃወም «ፒፕል ፎር ዘ አሜሪካን ዌይ» የተባለ ማኅበር መሠረቱ፣ በ1985 ከሸሪካቸው ከጄሪ ፔሬንቺዮ ጋር ድርጅታቸውን ለኮካ ኮላ ኩባንያ በ485 ሚሊዮን ዶላር ሸጡ፣ በ2019 በ97 ዓመታቸው የቀድሞ ክፍሎቻቸው በአዲስ ተዋንያን በቀጥታ ሲቀርቡ ኤሚ የተባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት ተሸለሙ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2023 በ101 ዓመታቸው አረፉ።

ሥራዎቻቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ አንባቢ በ1972 ከተላለፈውና ዘፋኙ ሳሚ ዴቪስ ጁኒየር አርቺ በሚነዳው ታክሲ ውስጥ የረሳውን ቦርሳ ለመውሰድ ወደ በንከር ቤት ከሚመጣበት ክፍል ቢጀምር ይሻላል። አርቺ ለእንግዳው አክብሮቱን ለማሳየት በሚናገረው ቃል ሁሉ ጥላቻውን ያጋልጣል፣ እንግዳው ሳይቆጣ እያዳመጠ ገመዱን ይለቅለታል፣ በመጨረሻም አብረው ፎቶ ሲነሡ ካሜራው ብልጭ ከማለቱ ጋር ጉንጩን ይስመዋል። የሊር የአጻጻፍ ብልሃት ከዚህ ክፍል ይበልጥ ጥርት ብሎ የሚታይበት ቦታ የለም።