ከጀልባው በታች ያለው ቀዳዳ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 14 ቀን 1945 ዩ-1206 የተባለች የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከብ በስኮትላንድ ጠረፍ አቅራቢያ ሰጠመች። 4 መርከበኞች ሞቱ፤ የተረፉት ተማረኩ። ለጥፋቷ መነሻ የሆነው የጠላት ቶርፔዶ ሳይሆን ሽንት ቤቷ ነበር። በሽንት ቤቱ በኩል የገባው የባሕር ውሃ ባትሪዎቹን ሲነካ መርዛማ ክሎሪን ጋዝ ተፈጠረ፤ መርከቧ አየር ፍለጋ ከውሃው በላይ ስትወጣ ከሰማይ ተደበደበች።

አንባቢ “ይህን አሁን ምን አመጣው?” ይል ይሆናል። ያመጣውማ ትምህርቱ ለትንሽ ጀልባም ስለሚሠራ ነው።

የቤታችን ሽንት ቤት ፍሳሹን ቁልቁል ይሸኛል። የጀልባው መቀመጫ ግን ብዙ ጊዜ ከውጭው የውሃ ወለል ዝቅ ብሎ ይገኛል። በርሜል ውስጥ ጎማ ነክሮ ነዳጅ ስቦ የቀዳ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ፈሳሹ አንዴ መምጣት ከጀመረ በራሱ አይቆምም። ውጭ ያለው ሐይቅም እንዲሁ በቱቦው ተስቦ ጀልባውን ይሞላል። ከውሃ ወለል 60 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ከሚገኝ 38 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ላይ ቱቦው ቢወልቅ በደቂቃ ከ100 ሊትር በላይ ይገባል።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። አንደኛ፣ ቀዳዳው ላይ እጅ በቀላሉ የሚደርስበት ቫልቭ ይገጠማል፤ ከጀልባው ሲወረድም ይዘጋል። ሁለተኛ፣ የቱቦው ጫፍ በሁለት የማይዝጉ ማሰሪያዎች ይጠበቃል። ሦስተኛ፣ የሚያስገባውም ሆነ የሚያስወጣው ቱቦ ጀልባው ሲያዘነብል ጭምር ከውሃ ወለል በላይ እንዲሆን በቅስት መልክ ከፍ ይደረጋል፤ ጫፉ ላይ አየር የሚያስገባ ትንሽ ቫልቭ ይደረግበታል። አየር ሲገባ ስበቱ ይቋረጣል። አራተኛ፣ ቀዳዳውን የሚደፍን የእንጨት ውታፍ እዚያው አጠገብ ይታሰራል።

ሕጉስ ምን ይላል? ማርፖል የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ስለ ፍሳሽ የሚደነግገው አራተኛ አባሪ በሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። አባሪው የሚመለከታቸው መርከቦች ያልታከመ ፍሳሽ ለመልቀቅ ከየብስ ከ12 ኖቲካል ማይል በላይ መራቅ አለባቸው። የአሜሪካ ደንብ ደግሞ ጀልባ ከውጭ ሊገባባቸው በማይችል የንጹህ ውሃ ሐይቆች ውስጥ የታከመ ፍሳሽ እንኳ እንዳይለቀቅ ይከለክላል።

ይህ የሰው አገር ሕግ ጣናን አይገዛም፤ ምክንያቱ ግን ይመለከተዋል። ጣና ጥልቀቱ አነስተኛ ነው፤ ዓሣውም የሚወጣው ከዚያው ነው። ስለዚህ ጎብኚዎችን ወደ ገዳማቱ የሚያመላልስ ባለ ጀልባ ሽንት ቤት ላስገጥም ካለ፣ የእኔ ምክር አንድ ነው፦ ጀልባውን አይብሱት። ማጠቢያውን ውሃ ከወደብ ይጫኑ፤ ፍሳሹን በታንከር አጠራቅመው የብስ ላይ ያስመጥጡ። ያልተበሳ ጀልባ ሐይቁንም አያቆሽሽ፣ ተሳፋሪውንም አያሰጥም።