የደጋው ደሴት ወፎች
በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሰበታ ዙሪያ የሚታዩ



ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት ስለ አእዋፍ የሚያወሳውን ትምህርት እንዳስተምር ተመድቤ ነበር። የትምህርት መርጃ መሣሪያ ይሁነኝ ብዬ በካርቶን ላይ ፔንግዊን ስሥል አመሸሁ። በማግሥቱ ሥዕሉን ሰቅዬ ገለጻዬን ስጀምር ከጣሪያው በላይ የወፍ መንጋ እየተንጫጫ አለፈ። ከፊት የተቀመጠ አንድ ዓይነ ሥውር ተማሪ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ይኸ ጠዋት ጠዋት የሚጮኸው ወፍ ማን ይባላል?» ሲል ጠየቀኝ። የእኔ ፔንግዊን ለእሱ ምንም አልፈየደለትም፤ ጥያቄውን ደግሞ መመለስ አልቻልኩም። «ነገ እነግርሃለሁ» ብዬ አለፍኩት። ይህ ጽሑፍ የዚያ የ«ነገ» ዕዳ ነው።

ደጋችን ደሴት ነው ሲባል ምን ማለት ነው?

ደሴት ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን በውኃ የተከበበ መሬት ነው። በሞቃት ባሕር ደሴቶች የሚኖሩ ሰዎች በዙሪያቸው የሚዋኙትን የዶልፊን ዓይነቶች አንዱን ከሌላው ለይተው ለእንግዳ ያሳያሉ። እኛ ባሕር የለንም፤ ደሴት ግን አለን። የቆምንበት ደጋ ራሱ ደሴት ነው። በስተምሥራቅ የአፋር በረሃ፣ በደቡብ ምሥራቅ የኦጋዴን ቆላ፣ በስተምዕራብ የሱዳን ሜዳ ከበውታል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የአፍሪካ መሬት አብዛኛው የሚገኘው በአገራችን ነው። ብርድ ለለመደ እንስሳ ደግሞ የቆላው ሐሩር እንደ ባሕር የማይሻገሩት ነው።

በመሆኑም በጥንት ዘመን እዚህ ደጋ ላይ የሰፈሩ እንስሳት ከዘመዶቻቸው ተለይተው ቀሩ። በብዙ ሺህ ትውልድም መልካቸውና ጠባያቸው እየተለየ ሄደ። ዋልያና ጭላዳ የታወቁት ምሳሌዎች ናቸው። ነገር ግን ዋልያን ለማየት ሰሜን ተራራ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። ወፎቹን ለማየት ግን ከደጃፍ መውጣት ብቻ ይበቃል። በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዓይነቶች ተመዝግበዋል። ከእነዚህ ውስጥ ጥቂቶቹ ከኢትዮጵያ ወይም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ላይ በየትም ቦታ አይኖሩም።

፩. ጋጋኖ

ተማሪዬ የጠየቀኝ ወፍ ይኸ ነው። ከዶሮ ተለቅ ይላል፣ ጥቁር ቡናማ ነው፣ ምንቃሩ ረጅምና ወደ ታች የቆለመመ ነው። ከምንቃሩ ሥር ትንሽ ሥጋ ተንጠልጥላ ትታያለች። ሲበር በክንፉ ላይ ነጭ ምልክት ይታያል። ባይታይም ግድ የለም፤ ድምፁ ብቻውን ያስታውቃል። በመንጋ ሆኖ ሲነሣ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። ለዓለም ሳይንስ ያስተዋወቀው በ1830ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አገራችንን የጎበኘው ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል ሲሆን፣ ጽሑፉ የወጣው በ1837 (እ.ኤ.አ.) ነበር። ጋጋኖ ከከብት መንጋ ጋር እየዋለ ምንቃሩን ጨፌው ውስጥ እየሰካ ትልና ጢንዚዛ ይለቅማል። እንግዲህ ለገበሬው ወዳጅ ነው ማለት ነው።

፪. ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ

ቡራዩ አጠገብ ያለውን የገፈርሳን የውኃ ግድብ ሁላችንም በአውቶቡስ ስናልፍ አይተነዋል። በዳርቻው ሣር የሚግጥ ግራጫማ ዝይ ካያችሁ ቆም ብላችሁ ተመልከቱ። በዓይኑ ዙሪያ ቡናማ ክብ ካለበት የግብፅ ዝይ ነው፤ እሱ በብዙ የአፍሪካ አገሮች አለ። ያ ክብ ከሌለበትና ሲበር በክንፉ ላይ ፈዛዛ ሰማያዊ ቀለም ከታየ ግን የእኛው ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ አይገኝም። ላባው ወፍራምና ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ የደጋውን ውርጭ ይቋቋምለታል። አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ጀርባው ላይ የማሳረፍ ልማድም አለው። በሱሉልታ ሜዳም ይታያል።

፫. የሱሉልታ ረግረግ ወፎች

እንጦጦን ተሻግረን ስንወርድ የሱሉልታን ሜዳ እናገኛለን። ክረምት ሲገባ ሜዳው ውኃ ያቁራል። በቦዩ ዳር ጅራቷን ብልጭ እያደረገች የምትራመድ፣ ከሆዷ ቀላ ያለች፣ ከጅራቷ ሥር ነጭ የሆነች ወፍ አለች። ሩዤ ሬል ትባላለች። እሷም የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ብቻ ነች።

ከሁሉም ይበልጥ የምታሳስበው ግን ባለ ነጭ ክንፍ ፍላፍቴል የምትባለው ናት። መጠኗ ከድንቢጥ እምብዛም አይበልጥም። በሣር ውስጥ ተደብቃ ስለምትኖር ያያት ሰው ጥቂት ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቹ ወፎች ከ250 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመዝግባለች። በክረምት ረግረጉ ሣር ሲያወጣ እንቁላሏን የምትጥለው በእኛ ደጋ ነው። በቅርብ ዓመታት በደቡብ አፍሪካም እንደምትፈለፍል ታውቋል። ከታየችባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ይኸው የሱሉልታ ሜዳ ነው።

፬. የመናገሻ ሱባ ጫካ

ወደ ሰበታ ስንመለስ ከበላያችን የወጨጫ ተራራ ይታያል። በጎኑ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ጫካ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ የጥድ ዘር ተዘርቶ እንደለማ በትውፊት ይነገራል። በዚህ የጥድና የዝግባ ጫካ ውስጥ በኢትዮጵያ ብቻ የሚኖረው ግንባረ ብጫ በቀቀን አለ። ቱራኮ የሚባለው አረንጓዴ ወፍም አለ። ጉንጩ ላይ ነጭ ምልክት አለው፣ ክንፉን ሲዘረጋ ደማቅ ቀይ ይሆናል። ለኬሚስትሪ መምህራን የሚጠቅም ነገር አለው፦ ያ ቀይ ቀለም በውስጡ መዳብ አለበት!

የዶዶ ነገር

የደሴት እንስሳ አንድ ከባድ ችግር አለበት። ቤቱ ከፈረሰበት ሌላ የሚሄድበት የለውም። በሕንድ ውቅያኖስ ባለችው በሞሪሺየስ ደሴት ዶዶ የሚባል መብረር የማይችል ትልቅ ወፍ ነበር። የሆላንድ መርከበኞች በ1598 (እ.ኤ.አ.) ደሴቲቱን ያዙ። አንድ መቶ ዓመት ሳይሞላ ዶዶ ጨርሶ ጠፋ። ሰዎቹ ካደኑት ይልቅ በመርከብ የመጡት አሳማና አይጥ እንቁላሉን በመብላት እንዳጠፉት ይታመናል። ማለትም ሊያጠፋው ያሰበ ሰው ሳይኖር ጠፋ።

የእኛዎቹም የሚያሰጋቸው ይኸው ነው። ሦስቱ ከተሞች ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ሆነው በፍጥነት እየሰፉ ነው። ሰው ቤት ያስፈልገዋል፣ ከብቱም ሣር ያስፈልገዋል፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ረግረጉ በቦይ ተቀድዶ ሲደርቅ፣ ሣሩም ጫጩት ሳይወጣ ሲታጨድና ሲጋጥ፣ ፍላፍቴል የምትሄድበት ሌላ ሱሉልታ የላትም። ተስፋም አለ። በአዲስ ዓለም አቅራቢያ በበርጋ ረግረግ የአካባቢው ሕዝብ ወፏን ለመጠበቅ ተደራጅቷል። ከደቡብ አፍሪካ የመጡ የረግረግ ጠባቂዎች ደግሞ ለአካባቢው ልጆች ትምህርት ቤት እንዲሠራ ረድተዋል። ወፏን መጠበቅና ልጅ ማስተማር እዚያ አብረው ሄደዋል።

መምህሩስ ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ ከፔንግዊኑ በፊት የደጁን ወፍ ያስተምር። ፔንግዊኑም ተራው ይደርሰዋል።

ሁለተኛ፣ ስሙን ከእረኞችና ከሽማግሌዎች ይጠይቅ። በኦሮምኛም በአማርኛም የሚጠሩበትን በደብተር ይያዝ። ብዙዎቹ ወፎች በመጻሕፍት ያልሰፈረ የአካባቢ ስም ይኖራቸዋል።

ሦስተኛ፣ በጆሮ ያስተምር። ሰበታ የዓይነ ሥውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት። አንድ ክፍለ ጊዜ ሁሉም ተማሪ ዓይኑን ጨፍኖ ስንት የወፍ ድምፅ እንደሚሰማ ይቁጠር። በዚያ ትምህርት ማን ከማን እንደሚበልጥ ያን ጊዜ ይታያል።

ልምምዱ ሳይጠናቀቅ ተመልሼ ሄድኩና ለዚያ ተማሪ «ጋጋኖ ይባላል» አልኩት። ጥቂት ዝም ብሎ «ታዲያ እኮ ጠዋት ጠዋት ስሙን ሲነግረን ነበር» አለኝ። እኛ መምህራን ለመሆን የምንዘጋጅ ሰዎች ግን አልሰማነውም ነበር።